ጥሩምባው በማን እጅ ይሁን? በመልእክት መለዋወጫ ማኅበራት ስለ አባላት የሥራ ድርሻና የሥልጣን ልክ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገርበት የሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚመጥን አይመስልም። ግድብ አይደለም፤ ድልድይ አይደለም፤ መንገድም አይደለም። ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው በምንዞረው ስልክ ውስጥ ስላሉት፣ በተለምዶ «ግሩፕ» እያልን ስለምንጠራቸው የመልእክት መለዋወጫ ማኅበራት ነው። በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ማን ምን የማድረግ ሥልጣን ይኑረው? ሥልጣኑንስ ማን ይስጠው፣ ማንስ ይንሣው?

ጉዳዩን እንደ ቀላል ቆጥሮ የሚያልፍ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የዕድር መርዶ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ፣ የሥራ ጨረታ፣ የመስኖ ተራና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በዚህ መንገድ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። መልእክቱ የሚያልፍበት በር የማን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ፣ ከበሩ በስተጀርባ ያለውም ነገር፣ ውኃም ቢሆን ገንዘብም ቢሆን ክብርም ቢሆን፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

፩. ጥያቄው ምንድን ነው?

አንድ ግሩፕ ሲቋቋም ሦስት ጥያቄዎች አብረውት ይወለዳሉ። አንደኛው፣ ማን ይግባ? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የገባ ሰው ምን ያድርግ? ሦስተኛው ደግሞ፣ እነዚህን ሁለቱን የሚወስነው ማን ነው፣ እርሱንስ ማን ይጠይቀዋል? አብዛኞቹ ግሩፖች የመጀመሪያውን በችኮላ፣ ሁለተኛውን በዝምታ ያልፉታል፤ ሦስተኛውን ግን ጠብ እስኪነሣ ድረስ ጨርሶ አያስቡትም።

ሠላሳ የሚተዋወቁ ሰዎች ያሉበት ማኅበር ያለ ጽሑፍ ሕግ በይሉኝታ ሊተዳደር ይችላል። ዛሬ ግን በዋትስአፕ አንድ ግሩፕ እስከ 1,024፣ በቴሌግራም ደግሞ እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል። ይሉኝታ የሚሠራው ፊት ለፊት በሚተያዩ ሰዎች መካከል ነው። ፊቱ የማይታይ፣ አንዳንዴም ስሙ የማይታወቅ ሰው በገባበት ሸንጎ ይሉኝታ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። በይሉኝታ ፈንታ የሚቆመው የተለየና የተመዘነ የሥራ ድርሻ ነው።

፪. የሐሳቡ አመጣጥ

ይህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ዓለም አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው ዩኒክስ የተባለው ሥርዐት እያንዳንዱን መዝገብ በሦስት ወገን ይከፍለው ነበር፤ ይኸውም ባለቤቱ፣ የባለቤቱ ቡድንና ሌላው ሰው ሁሉ ነው። ለእያንዳንዱም ወገን ማንበብን፣ መጻፍንና ማስኬድን ለየብቻ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ዛሬ በየግሩፑ የምናያቸው ፈቃዶች ከዚህ ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው።

በ1975 እ.ኤ.አ. ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ መረጃ ስለሚጠበቅበት መንገድ ባወጡት ጥናት ካስቀመጧቸው መሠረተ ሐሳቦች መካከል ሁለቱ ለዛሬው ርእሳችን ምሰሶዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ማንም ሰው ሥራውን ለማከናወን ከሚያስፈልገው የበለጠ ሥልጣን አይያዝ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ከባድ ነገር በአንድ ቁልፍ ብቻ አይከፈት የሚለው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ፈቃድ ለሰውየው ሳይሆን ለሥራ ድርሻው ይሰጥ፣ ሰውየውም በድርሻው በኩል ያግኘው የሚለውን አሠራር በሥርዐት ቀርጸው አቀረቡ። ሰውየው ከሥራው ሲነሣ ፈቃዱ ከወንበሩ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

እነዚህን ነገሮች በባዕድ መጻሕፍት ስናነብ አዲስ ነገር ያገኘን ይመስለናል። እስቲ የገዛ ዕድራችንን እንመልከት። ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ዕቃ ጠባቂ አለ፤ ጥሩምባ ነፊ አለ። ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይይዛል እንጂ ያለ ዳኛው ትእዛዝ አያወጣም። ዳኛው ያዝዛል እንጂ ገንዘቡን በእጁ አይነካም። ጥሩምባ ነፊው ሰፈሩን ሁሉ ከእንቅልፉ የመቀስቀስ ኃይል አለው፤ ነገር ግን መርዶው ሳይረጋገጥ አይነፋም፤ ማን እንደ ሞተም ከራሱ አይፈጥርም። በየደብሩ ያለው የገንዘብ ሣጥን ሁለትና ሦስት ቁልፍ ኖሮት ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ሲቀመጡ ያየ ሰው፣ ሳልትዘርና ሽሮደር ስለ ሁለት ቁልፍ የጻፉትን ለማስተዋል አስተማሪ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ችግራችን የዕውቀት እጦት አይደለም። በዕድራችን የምናውቀውን ጥንቃቄ ወደ ስልካችን ስንገባ ከደጅ ትተነው መግባታችን ነው። በዕድር ጥሩምባው የአንድ ሰው ነው። በግሩፓችን ግን ለሁሉም ጥሩምባ እናድላለን፤ ከዚያም ማንም ማንንም አይሰማም ብለን እናዝናለን።

፫. የይፋግና የፎገራ አብነት

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ አድርገን ብናየው ይገለጥልናል። ይፋግ በሊቦ ከምከም፣ በአዲስ ዘመን አቅራቢያ ያለች ጥንታዊት የገበያ ቦታ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ ስሟ የታወቀ ነበር። በዚያ ዘመን በነበሩት ታላላቅ ገበያዎች ነጋድራስ፣ ቀራጭ፣ ደላላና ዋስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ደላላው አይቀርጥም፤ ቀራጩም ዋጋ አይቆርጥም። ገበያ የሚቆመው ሁሉም ሁሉን ስለሚያደርግ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የተወሰነለትን ስለሚያደርግ ነው።

ከይፋግ በታች እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደግሞ የውኃ አገር ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው ሲወጡ ሜዳውን ያለብሱታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚዘነጋ አይደለም። ይኸው ውኃ ግን የሜዳው ሀብት ነው። እየተስፋፋ የመጣው ሩዝ ረግረጉን መሬት ወደ ማሳ ለወጠው፤ በበጋም በፓምፕና በቦይ በሚሳብ ውኃ ሽንኩርትና አትክልት ይለማበታል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብም የውኃ ክፍፍሉን ጉዳይ ከቀድሞው የበለጠ አስፍቶታል።

ውኃ ባለበት የውኃ አባት አለ። የውኃ አባት በባህላዊው መስኖ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ተራ አጥፊን የሚገሥጽ በሕዝብ የተመረጠ ሰው ነው። የመንግሥትም ሕግ ይህንኑ መንፈስ ይከተላል። ስለ መስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 841/2006 ጠቅላላ ጉባኤን ከሥራ አመራር፣ ሥራ አመራርን ከቁጥጥር፣ ቁጥጥርን ከክርክር መፍቻ ኮሚቴ ለይቶ ያቆማል።

አሁን በርብ ውኃ የሚጠቀም አንድ ማኅበር የቴሌግራም ግሩፕ አቋቋመ እንበል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው «ዛሬ ማታ ውኃው ወደ ታችኛው ቦይ ተለቅቋል» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው ማን ነው? የውኃ አባቱ ነው ወይስ ተራው ያለፈበት ጎረቤት? ያነበበው ገበሬ አካፋውን ይዞ በጨለማ ይወጣል። ወሬው ሐሰት ከሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ቦይ አፍ ላይ በሌሊት ይገናኛሉ፤ በውኃ ጠብ ምክንያት የሚሆነውን ደግሞ ከገጠር የመጣችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በክረምትም «ርብ ሞልቷል፤ ከብቶቻችሁን አውጡ» የሚለው መልእክት በመቶ የበዓል ሥዕሎችና ምርቃቶች ሥር ተቀብሮ ቢቀር ውጤቱ ይኸው ነው። በዚህ ቦታ የመጻፍ ፈቃድ ማለት ውኃውን የማዘዝ ፈቃድ ማለት ነው።

፬. አመዳደቡ እንዴት ይሁን?

ቴሌግራም ለዚህ ሥራ የሚበቃ መሣሪያ አለው። ተራ አባላት መጻፍ፣ ሥዕል መላክ፣ ሌላ አባል ማስገባት፣ መልእክት ከላይ መስቀል ይችሉ ወይም አይችሉ እንደሆነ እያንዳንዱን ለይቶ መፍቀድና መከልከል ይቻላል። አድሚን ለሚባሉትም እንዲሁ መልእክት የመሰረዝ፣ አባል የማስወጣት፣ ሌላ አድሚን የመሾም ሥልጣን በየብቻው ይሰጣል። አድሚን ራሱ የሌለውን ሥልጣን ለሌላ ሊሰጥ አይችልም። መሣሪያው እያለ ግን አብዛኛው ሰው «አድሚን አድርገው» ሲባል ሁሉንም ፈቃድ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህም ለዕድር ጸሐፊ ከመዝገቡ ጋር የገንዘቡን ሣጥን፣ ጥሩምባውንና ድንኳኑን እንደማስረከብ ያለ ነው። ስለዚህ ከላይ ለተጠቀሰው ማኅበር የሚከተለውን አመዳደብ አቀርባለሁ።

ሀ. ጥሩምባውና ሸንጎው ይለዩ። ማስታወቂያ የሚወጣበት ቻናል አንድ፣ ሁሉም የሚነጋገርበት ግሩፕ ሌላ ሆነው ይያያዙ። በቻናሉ የሚወጣው ሁሉ ወደ ግሩፑ ይደርሳል፤ በግሩፑ የሚነገረው ግን የማስታወቂያ መልክ አይኖረውም።

ለ. የውኃ አባቱ በቻናሉ የውኃ ተራና የጎርፍ መልእክት የማውጣት ፈቃድ ይኑረው። አባል ለማስወጣትም ሆነ የሰው ንግግር ለመሰረዝ ሥልጣን አያስፈልገውም። በግሩፑም ውስጥ ከስሙ አጠገብ የሥራ መጠሪያው እንዲታይ ማድረግ ስለሚቻል «የውኃ አባት» ተብሎ ይጻፍለት። አድሚኖች ስማቸው ሳይታይ በግሩፑ ስም እንዲናገሩ የሚያስችለው ፈቃድ ግን በእንዲህ ያለ ማኅበር ለማንም አይሰጥ። ውኃ የሚያዝዝ ሰው ፊቱ መታየት አለበት።

ሐ. ጸሐፊው የመግቢያ ጥያቄን ከአባላት መዝገብ ጋር እያመሳከረ ያስገባ፤ የማስወጣት ሥልጣን ግን አይኑረው። በር ከፋችና አባራሪ አንድ ሰው ከሆነ፣ ማኅበሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የወዳጆቹ ስብስብ ይሆናል።

መ. ሥርዐት አስከባሪው ስድብንና የማታለያ ማስታወቂያን ይሰርዝ፤ ምክርና ተግሣጽ ያልመለሰውንም አባል ለተወሰነ ቀን ከመጻፍ ያግድ። በቋሚነት ማስወጣት ግን ሰውየው ከተሰማ በኋላ የክርክር መፍቻ ኮሚቴው ውሳኔ ይሁን።

ሠ. የቁጥጥር ኮሚቴው የአድሚኖችን ሥራ ይመርምር። ቴሌግራም ማን ምን እንደሰረዘና ማንን እንዳገደ የሚያሳይ መዝገብ ይይዛል፤ የሚያቆየው ግን ለ48 ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚያየውም አድሚን ነው። ስለዚህ ከኮሚቴው አንድ ሰው ከአንዲት ቀላል ፈቃድ ጋር አድሚን ተብሎ በየሁለት ቀኑ ሳያሳልፍ መዝገቡን ይገልብጥ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ አጥብቄ የማሳስበው አንድ ነገር አለ። የመናገር ፈቃድና የመስማት መብት የተለያዩ ናቸው። በስድብ የተቀጣ ገበሬ ከግሩፑ ሙሉ በሙሉ ከተባረረ የሚያጣው ወግ ብቻ አይደለም፤ ተራውን ያጣል፤ የጎርፉን ወሬ ያጣል፤ ልጆቹም የአባታቸውን ምላስ ዕዳ ይከፍላሉ። መጻፍን ከልክሎ ማንበብን መፍቀድ በአሠራር ረገድ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በቁጣ ሰዓት ሰውየውን ከነጭራሹ ማስወጣት የሚቀለን ለምንድን ነው? ዕድር አጥፊውን በገንዘብ ይቀጣዋል፤ እናቱ ስትሞት ግን ጥሩምባውን አይነፍገውም።

፭. ወንበሩ ባዶ ሲሆን

የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤትነት የሚያያዘው ከአንድ ሰው የስልክ ቁጥር ጋር ነው። ባለቤቱ ቢሞት፣ ቢኰርፍ፣ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ባሕር ማዶ ሄዶ ቁጥሩን ቢተው ማኅበሩ ራስ አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አባል የነበርሁበት አንድ የአገር ልጆች ግሩፕ መሥራቹ ቁጥሩን ከተወ በኋላ የማጭበርበሪያ ማስታወቂያ ሲወርድበት፣ የሚሰርዘው ጠፍቶ እንዳለ ተበትኗል። ባለቤትነትን በጊዜው ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን አስተላላፊው ራሱ በሕይወት፣ በፈቃዱና በስልኩ ላይ መገኘት አለበት።

መድኃኒቱ የሣጥኑ ቁልፍ ነው። ግሩፑ የሚከፈተው በማኅበሩ ስም በወጣ የስልክ ቁጥር ይሁን። ወደ ቁጥሩ ለመግባት በመልእክት ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃልም እንዲጠየቅ ይደረግ። ሲም ካርዱ በጸሐፊው እጅ፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ በታሸገ ፖስታ በቁጥጥር ኮሚቴው እጅ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ያለ ሌላው አይገባም፤ የኮሚቴ ዘመን ሲያልቅም የሚደረገው ርክክብ ማኅተምን እንደማስረከብ ያለ ይሆናል። ቁጥሩ ሳይሠራበት ቆይቶ እንዳይዘጋም በየጊዜው በሁለቱ ፊት ይከፈት።

ሌላም የባሰ ነገር አለ። ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በ1988 እ.ኤ.አ. በኦሉ ዩኒቨርሲቲ የሠራውና አይአርሲ የሚባለው የውይይት መረብ አንድ የታወቀ ደዌ ነበረበት። በኮምፒዩተሮቹ መካከል ያለው መስመር ሲቆረጥ የአንዱ ሸንጎ አባላት ለሁለት ይከፈሉ ነበር። ከዚያም ሹማምንቱ በሌሉበት ወገን አንድ ብልጥ ሰው ገብቶ ሹመቱን ይወስዳል፤ መስመሩ ሲቀጠል ሌሎቹ ሲመለሱ ቤታቸው ተወስዶ ያገኙታል።

ይህን የሩቅ አገር ተረት አድርገን አንየው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ በክልሉ ያሉ ሰዎች ከየግሩፑ ዝም አሉ። በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉት ግን ንግግራቸውን አላቋረጡም። ስለ አንድ ቀበሌ የሚወስን ግሩፕ ቀበሌዋ ሳትሰማ ወሰነ ማለት ነው። ስለዚህ ከአድሚኖቹ ገሚሱ ወይም በቦታው የሚኖሩት አባላት በአደባባይ በታወቀ ምክንያት መስመር ካጡ፣ ሹመት መስጠት፣ አባል ማስወጣት፣ ደንብ መለወጥ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ይቁም የሚል አንቀጽ በደንባችን ይግባ። ምልአተ ጉባኤ ማለት ይኸው ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያም በስልክ ጥሪ፣ በተላላኪና በደወል ጭምር ይነገር እንጂ በአንድ መስመር ላይ ብቻ አይንጠልጠል።

፮. ሊነሣ ስለሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ሰምተው «አንተ የምትለው ጥቂቶች እንዲናገሩ፣ ብዙኃኑ እንዲያዳምጡ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሥልጣንን መለየት በሰበብነት ሊያገለግል ይችላልና። አድሚን የማይወደውን ጥያቄ «ሥርዐት ለማስከበር» ብሎ ሲሰርዝ አይተናል።

መልሴ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሥልጣን ካልተከፋፈለ አይጠፋም፤ ይሰወራል እንጂ። «ሁላችንም እኩል ነን» በሚባልበት ግሩፕ ውስጥም ባለቤቱ አንድ ነው፤ በተቆጣ ቀን ማንነቱ ይገለጣል። የተጻፈ ድርሻ ግን ሁሉም የሚያየውና «ይህን ልታደርግ አልተፈቀደልህም» ብሎ የሚጠቅሰው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ በሸንጎው ውስጥ ንግግር ነጻ ይሁን ብያለሁ። እዚያ ገበሬው የውኃ አባቱን ሊወቅስ፣ የሥራ አመራሩን ሒሳብ ሊጠይቅ ይገባል። ወሬ ሲበዛም አፍ ከመዝጋት ይልቅ እያንዳንዱ አባል በተወሰነ ጊዜ አንድ መልእክት ብቻ እንዲጽፍ የሚያደርገው የማዘግያ ሥርዐት አለ፤ ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ 1 ሰዓት ሊወሰን ይችላል። በሸንጎ ተራ በተራ መናገር ነውር ሆኖ አያውቅም።

ከዚህ ጋር የማይረሳ ነገር አለ። በግሩፑ ያለው ስልክ የባል ወይም የልጅ ሊሆን ይችላል፤ በመዝገብ አባል የሆነችው ግን እናቲቱ ልትሆን ትችላለች። ስልክ የሌለውም አባል አባል ነው። ስለዚህ በቻናሉ የወጣው የውኃ ተራ በገበያና በቤተ እምነት ደጃፍም ተለጥፎ ይነበብ። ስልክ የማኅበሩ መሣሪያ ነው እንጂ የአባልነት መለኪያ አይደለም።

፯. ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፣

እኛ መሐንዲሶች የውኃ በር ስንነድፍ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ምን ያህል ውኃ ያልፋል? በሩን ማን ይከፍታል? ካፊያው ሲበረታና ጠባቂው ሲጠፋ ትርፉ ውኃ በየት ይወርዳል? በግሩፕም የሚጠየቀው ይኸው ነው። የመጀመሪያው የመልእክቱ ብዛት፣ ሁለተኛው የሥልጣን ድርሻ፣ ሦስተኛው ደግሞ አቤቱታና ርክክብ ነው። ሦስተኛው ያልታሰበበት ግድብ እንደሚናድ ሁሉ፣ ሦስተኛው ያልታሰበበት ማኅበርም ይፈርሳል።

በዚህ መሠረት ለራሳችን ማኅበር ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የግሩፓችን ድርሻዎች ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ ተዘርዝረው በግሩፑ ራስ ላይ ይሰቀሉ። ሁለተኛ፣ ባለቤትነቱ ከግለሰብ ቁጥር ወደ ማኅበሩ ቁጥር ይዛወር፤ ቁልፉም በሁለት እጅ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ አዲስ ሥራ አመራር በተመረጠ ዕለት የስልክ ሥልጣኑ ከማኅተሙ ጋር በቃለ ጉባኤ ይረከብ፤ በዓመቱም ውስጥ የታገዱና የወጡ አባላት ዝርዝር ከነምክንያቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ።

እነዚህን ለመፈጸም በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ሲም ካርድ፣ አንድ ፖስታና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። በራሳችን ቤት ከፈጸምነው፣ ነገ በርብ ዳር ያሉ ገበሬዎች «እንዴት እናድርገው?» ብለው ሲጠይቁን በተግባር የምናሳያቸው ይኖረናል።